የደሴ መንገድ፦ ከለገዳዲ እስከ ጣርማ በርና ከዚያም ወዲያ

ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ለገዳዲ ላይ መንገዱ የሯጮች ነው። ሦስት አራት እየሆኑ፣ የአስፋልቱን ጠርዝ ይዘው ወደ ሰንዳፋ ይወጣሉ። የአሠልጣኙ መኪና ውኃና ልብሳቸውን ጭና ከኋላ ቀስ እያለች ትከተላቸዋለች። ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ መንገዱ ባለቤት ይቀይራል። ባዶውን የሚመለስ ሲኖትራክ ወደ ድንጋይ ካባው ይወረወራል። ከደብረ ብርሃን በኩል ደግሞ እግራቸው የታሰረ በጎች ጣሪያው ላይ የደረደረ አባዱላ ይመጣል። የሚኒባሱ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «መገናኛ! መገናኛ! ሁለት ሰው!» ይላል፤ ውስጥ ግን ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ እንኳ የለም። «እማማ፣ ትንሽ ጠጋ ይበሉልን» ሲላቸው፣ እንስራ የሚያህል ዘንቢል ጭናቸው ላይ ያስቀመጡት እናት «ወዴት ልጠጋ ልጄ፣ መስኮቱ ላይ ልውጣ?» ብለው መለሱለት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ ረዳቱም ሁለት ሰው ጨመረ።

ይህን መንገድ የለገዳዲ መንገድ የሚለው ሰው አላጋጠመኝም። የደሴ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ የሚወጡት ሌሎቹ አውራ ጎዳናዎችም እንዲሁ ናቸው፦ በሱሉልታ የሚያልፈው የጎጃም መንገድ፣ በቡራዩ የሚያልፈው የአምቦ መንገድ፣ በሰበታ የሚያልፈው የጅማ መንገድ ይባላል። ሁሉም የሚጠሩት በሩቅ በሚደርሱበት አገር ነው እንጂ ደጃፋቸው ላይ ባለው ከተማ አይደለም። የደሴን መንገድ ታሪክ ሳገላብጥ ያየሁትም ይህንኑ ነው። መንገዱ የተሠራው፣ የፈረሰው፣ የተጠገነውና እንደገና የፈረሰው ጫፍና ጫፉ ላይ ለነበሩ ሰዎች ጉዳይ ነው። መሐል ላይ የሚኖረው ሰው ለረጅም ጊዜ የሌሎችን መኪና አቧራ ሲቀበል ኖረ፤ የራሱን ጥቅም ያገኘው ቀስ ብሎ፣ አብዛኛውንም ጊዜ ማንም ሳያቅድለት ነው።

አስፋልት ከመነጠፉ በፊት ይህ አቅጣጫ የሠራዊት መመላለሻ ነበር። ከሰሜን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ጦር ብዙ ጊዜ በዚሁ በኩል ነበር የሚመጣው። ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን በተነሡ ማግስት አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል የወሎን ሠራዊት ይዘው ሲመጡ፣ መጀመሪያ አንኮበር አጠገብ ቶራ መስክ ላይ ከራስ ልዑል ሰገድ ጋር ተዋጉ፤ ራስ ልዑል ሰገድም እዚያው ወደቁ። ከዚያ ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም ሰገሌ ሜዳ ላይ ከራስ ተፈሪና ከፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ጋር ተጋጥመው ተሸነፉ። ሰገሌ ዛሬ በሰንዳፋና በዓለልቱ አልፎ ወደ ሸኖ ከሚሄደው ከዚሁ መስመር ብዙ የማይርቅ ሜዳ ነው። የአገሪቱን ሥልጣን የወሰነ ውጊያ የተካሄደበት አካባቢ ላይ ዛሬ የሚታየው የስንዴና የጤፍ ማሳ ነው።

መኪና የሚሄድበትን የመጀመሪያውን መንገድ ወደ ደሴ ያወጣው ከጣሊያን ወረራ በፊት የነበረው መንግሥት ነው። ጠጠርና አፈር ብቻ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጎማ የሚውጥ። ቢሆንም ንጉሠ ነገሥቱ በኅዳር 1928 ዓ.ም ለጦርነቱ ወደ ደሴ የሄዱት በእሱ ነው። ኅዳር 26 ቀን የጣሊያን አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡም እዚያው ነበሩ።

አምስት ወር ያህል ቆይቶ በዚያው መንገድ የመጣው ጠላት ነው። ማርሻል ባዶሊዮ ሚያዝያ 18 ቀን 1928 ዓ.ም ከ1 ሺህ 5 መቶ በላይ ተሽከርካሪ አሰልፎ ከደሴ ተነሣ። ሰልፉን ጣሊያኖች «የብረት ፈቃድ ጉዞ» ብለው ሰየሙት። ብረቱ ግን ጣርማ በር ላይ ቆመ። ኢትዮጵያውያን ከገደሉ አፋፍ ላይ መንገዱን በፈንጂ ቆርጠውት ስለነበር፣ ያ ሁሉ መኪና ተደርድሮ እስኪጠገን ጠበቀ፤ ወታደሩ ከሾፌር ወደ ቆፋሪነት ተለወጠ። በሩን እንዲጠብቁ ከተላኩት መካከል የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ይገኙበታል፤ ከስዊድናዊው መምህራቸው ከካፒቴን ታም ጋር። ልጆች ነበሩ ማለት ይቻላል፤ ሥልጠናቸውን እንኳ አልጨረሱም።

ደብረ ብርሃንን አልፎ ጫጫ ላይ ደግሞ አርበኛው ኃይለ ማርያም ማሞ አድፍጦ ጠበቃቸው። ሚያዝያ 26 ቀን በተደረገው በዚያ ውጊያ ከጣሊያን ጋር ከመጣው የቅኝ ግዛት ጦር 170 ያህል ሰው እንደወደቀ ይነገራል። በማግሥቱ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። ስለዚህ የሸዋ አርበኝነት የተጀመረው ከተማዋ ከተያዘች በኋላ ነው የሚለው አባባል ትክክል አይመስለኝም፤ ገና መኪናው መንገድ ላይ ሳለ ተጀምሯል። ደብረ ብርሃን ያለው ትልቁ ትምህርት ቤት ዛሬም በኃይለ ማርያም ማሞ ስም ይጠራል።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በዚያው ሚያዝያ 27 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው ሲገቡ የመጡት በዚህ በኩል አልነበረም፤ ከደብረ ማርቆስ በፍቼና በእንጦጦ አድርገው በጎጃም መንገድ ነው። ወራሪው የገባበትና ባለ አገሩ የተመለሰበት በር ለየቅል ናቸው። በዚህኛው መንገድ የወጡት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮችና አርበኞቻችን ናቸው፤ ኮምቦልቻንና ደሴን ለማስለቀቅ። በዚህ ጊዜ ነገሩ ተገለበጠ፤ መንገድ የሚያፈርሰው አፈግፋጊው ጣሊያን ሆነ፤ ያፈረሰውም ራሱ የሠራውን ነው።

እውነቱን ለመናገር ጣሊያን የሠራው ነገር ቀላል አልነበረም። ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ አሥመራ የሚገባውን መስመር በጥቂት ዓመት ውስጥ አስፋልት አለበሰው፤ የጣርማ በርን ተራራ በስቶ 600 ሜትር ገደማ የሚረዝም ዋሻ አወጣ። ሥራው የተሠራው በጣሊያን ሠራተኞችና በብዙ የአገሬው ሰው ጉልበት ነው። ዓላማው ወታደር ቶሎ ለማመላለስ ነው፤ ሙሶሊኒ ለሸኖ ገበሬ አስቦ አይደለም። እኔ ይህን መንገድ «ጣሊያን ያወረሰን በረከት» የሚሉ ሽማግሌዎች ሲያጋጥሙኝ አልከራከርም፤ ይሁንና ዋሻው ውስጥ ስንት ሰው እንደሠራና በምን ክፍያ እንደሠራ የሚጠይቅ ሰው ባገኝ ደስ ይለኛል።

መንገድ መሥራት አንድ ነገር ነው፤ ማቆየት ሌላ። ከለገዳዲ እስከ ሰንዳፋና ከዚያም ወዲያ ያለው መሬት ዋልካ ነው፤ ጥቁር አፈር። በጋ ላይ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል፤ ክረምት ላይ ውኃ ሲጠጣ እንደ ሊጥ ኩፍ ይላል። ለጤፍና ለሽምብራ የተመቸ፣ ለአስፋልት ግን ጠላት ነው። ላዩ ላይ የተነጠፈው መንገድ በየዓመቱ ይነሣል፣ ይሰምጣል፤ ጠርዙ መጀመሪያ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ውኃ ይገባል፣ የከባድ መኪና ጎማ የቀረውን ይጨርሰዋል። ለዚህ ነው መሐንዲሶች እዚህ አካባቢ ዋልካውን ቆፍረው አውጥተው በሌላ አፈር የሚተኩት፣ ቦዩን የሚያሰፉት። ጣሊያኖች በጊዜው ያደረጉት ትልልቅ ድንጋይ በእጅ እየደረደሩ መሠረት ማድረግ ነበር፤ ላዩ ቢያልቅም የድንጋዩ መሠረት ብዙ ዘመን አገልግሏል። ዛሬ አስፋልቱ ጎርበጥ ሲል መሪውን የሚያጠብቅ ሾፌር «ዋልካው ነው» ብሎ ይጨርሰዋል፤ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር መንገድ ወረሰ፤ መጠገኛ ገንዘብና ሙያ ግን አልነበረውም። ብዙው በጥቂት ክረምት ውስጥ ተበላሸ። በ1943 ዓ.ም ከዓለም ባንክ ለመንገድ 5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተገኘ፤ ኢትዮጵያም ከባንኩ በመበደር ከአፍሪካ የመጀመሪያዋ ሆነች። በዚያው ዓመት የንጉሠ ነገሥቱ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የመሩት አሜሪካውያን መሐንዲሶች ነበሩ። የአሰብ ጭነትም፣ በአዋሽና በሚሌ የሚያቋርጠው መንገድ እስኪሠራ ድረስ፣ በባቲና በኮምቦልቻ ወጥቶ በለገዳዲ በኩል ነበር መሐል አገር የሚገባው። የዚያን ዘመን ሾፌሮች ትሬንታ ኳትሮ የሚባለውን የጣሊያን የጭነት መኪና እየነዱ ጣርማ በር ላይ ሌሊት ሲያድሩ ስለነበረው ብርድ የሚያወሩትን የሰማ የዛሬ ሾፌር ማማረሩን ይቀንሳል።

ለገዳዲ በአዲስ አበባ ነዋሪ ዘንድ የሚታወቀው ግን በመንገዱ ሳይሆን በውኃው ነው። ከተማዋ ስትሰፋ በቡራዩ በኩል ያለው የገፈርሳ ግድብ አልበቃ ስላለ፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የለገዳዲ ግድብና ማጣሪያ ተሠራ። 40 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ገደማ ውኃ የሚይዝ ነው። በኋላ የድሬ ግድብ ተጨመረለት፤ በ2014 ዓ.ም ደግሞ በቀን 86 ሺህ ሜትር ኪዩብ የሚሰጥ የከርሰ ምድር ውኃ ፕሮጀክት ተመረቀ። ከመንገዱ ጋር ጎን ለጎን ቧንቧውም ወደ አንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ወደ ከተማ። አዲስ አበባ ውስጥ ውኃ በጠፋ ቁጥር «ለገዳዲ መብራት ጠፍቶ ነው» መባሉ የተለመደ ነው፤ አንድ ሰው ለገዳዲን በዓይኑ ሳያይ ዕድሜ ልኩን ሲጠጣት ሊኖር ይችላል።

ከከተማ ወደዚህ የመጣውስ? መጀመሪያ የመጣው ቆሻሻው ነው። ሰንዳፋ አጠገብ በፈረንሳይ ድጋፍ ዘመናዊ የቆሻሻ ማስወገጃ ተሠርቶ በ2008 ዓ.ም ሥራ ጀመረ። የአካባቢው አርሶ አደሮች ሽታውንና ወደ ውኃቸው የሚወርደውን ፍሳሽ ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥም ተዘጋ። የቆሻሻ መኪኖቹ ፊታቸውን አዙረው ቆሼ ወደሚባለው ወደ አሮጌው ረጲ ተመለሱ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም የረጲ ክምር ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አያይዞ የሚያወራ ሰው ጥቂት ነው። የሰንዳፋ ገበሬ ትክክል ነበር፤ ቆሼ ሥር ጎጆ የቀለሱትም አልበደሉም። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ ላይ ግን ለሁለቱም የሚያስብ አልነበረም።

ቀጥሎ የመጣው ቤት ነው። ከካራ ወዲህ አስፋልቱን ተከትሎ ለገጣፎና ለገዳዲ ተያይዘው አንድ ከተማ ሆኑ፤ በአጥር የተከለሉ ባለ ቪላ መንደሮች በአንድ ወገን፣ በጭቃና በቆርቆሮ የተሠሩ ቤቶች በሌላ። መሬት ከገበሬው ላይ በእጅ ተገዛ፣ ተሸነሸነ፣ ተሸጠ። የካቲት 2011 ዓ.ም የከተማው አስተዳደር ሕገ ወጥ ናቸው ያላቸውን ብዙ ሺህ ቤቶች ማፍረስ ሲጀምር፣ ሰዎች ፍራሽና ማሰሮ ይዘው በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሲጠለሉ አገር ሁሉ አየ። በ2015 ዓ.ም ደግሞ ለገጣፎ ለገዳዲ ከቡራዩ፣ ከሰበታ፣ ከሱሉልታና ከገላን ጋር ተጠቃልሎ የሸገር ከተማ አካል ሆነ። ጉዳዩ ብዙ ክርክር አለበት፤ የእኔ ነጥብ አንድ ነው፦ እዚህ መሬት ዋጋ ያገኘው በአስፋልቱ ምክንያት ነው፤ ዋጋው ሲከፈል ግን መጀመሪያ የነበረው ሰው እጅ ላይ የቀረው ትንሽ ነው።

ሸኖ ስንደርስ ወግ እንቀይር። የሸኖ ቅቤ አዲስ አበባ ውስጥ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ገበያው ውስጥ የምትገዛ ሴት ከቅቤው በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ታሸተዋለች፤ ከዚያ እጇ ጀርባ ላይ ታሸዋለች። ለጋ ከሆነ ወዲያው ይሟሟል፤ መካከለኛው ትንሽ ይዘገያል፤ በሳሉ ገና ሳይነካ ሽታው ይናገራል። «ባዕድ ነገር የለበትም?» ብላ ስትጠይቅ፣ ሻጯ ቅር ይላታል፦ «እትዬ፣ የሸኖ ነው እኮ!» ይህ መልስ አይሆንም፤ ግን ይሸጣል። እንዲያውም መንገዱ ባይኖር የሸኖ ቅቤ ሸኖ ውስጥ ጸጉር ተቀብቶ ያልቅ ነበር። ቅቤን ስመ ጥር ያደረገው ከላሟ እኩል አስፋልቱ ነው፤ ማለዳ ተጭኖ ረፋድ ላይ ሾላ ገበያ መድረሱ።

ይኸው መንገድ ሸኖ አጠገብ የወሰደብንም አለ። መጋቢት 13 ቀን 1961 ዓ.ም ሌሊት አበበ ቢቂላ ቮልስዋገኑን እየነዳ ሳለ ተገለበጠ። በሮም ባዶ እግሩን፣ በቶኪዮ ትርፍ አንጀቱን ባስወጣ በሳምንታት ውስጥ ሮጦ ያሸነፈው ሰው ከዚያ በኋላ አልተራመደም። እንግሊዝ አገር ስቶክ ማንድቪል ታከመ፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ ቀስት ወርውሮ ተወዳደረ፤ ኖርዌይ ሄዶ በውሻ በሚጎተት የበረዶ ጋሪ አሸነፈ። በጥቅምት 1966 ዓ.ም አረፈ። ዛሬ በሰንዳፋ አስፋልት ረጅሙን ልምምድ የሚሮጡት ልጆች ወደተገለበጠበት አቅጣጫ ነው የሚሮጡት።

ከዚያ ደብረ ብርሃን ነው፤ የዘርዓ ያዕቆብ ከተማ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ የቢራ ፋብሪካዎች፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህም የኢንዱስትሪ ፓርክ። ብርዱ ሳይቀየር ከተማው ተቀይሯል። በመንገዱ ዳርና ዳር የተከመረው ኩበትና የድንጋይ አጥሩ ግን ዛሬም የደጋ ሸዋ መልክ ነው።

ጣርማ በር ላይ መሬቱ ያልቃል። መንገዱ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆኖ ወደ ዋሻው ይገባል፤ በወዲያኛው አፍ ሲወጣ ጉም ነው፣ ከጉሙ ሥር ገደል። ሸዋ ሮቢት እስኪደረስ 1 ሺህ 8 መቶ ሜትር ያህል ይወረዳል። ቁልቁለቱን የለመደ ሾፌር የሚወርደው በማርሽ ነው፤ ፍሬን ብቻ የያዘ ሰው ፍሬኑ ሞቆ እምቢ ይለዋል። ካፖርት ለብሶ የተሳፈረ ሰው ሮቢት ሲደርስ በሸሚዝ ነው። መሐል ላይ ደብረ ሲና አለች፤ አውቶቡሱ ፍጥነት እንደቀነሰ የቆሎ ሻጭ ልጆች መስኮቱን ይከቡታል። በወረቀት ጠቅልለው እጃቸውን ዘርግተው እየሮጡ ይሸጣሉ፤ መልስ የሚሰጡትም እየሮጡ ነው። እኔ እስካየሁት የአንድም ሰው መልስ አልቀረም፤ በባንክ ያላየሁት ታማኝነት ነው።

ከዚህ ወዲያ መንገዱ የከፋ ቀን ያየበት ነው። በ1965 ዓ.ም ወሎ ሲራብ፣ ገበሬዎች ወደዚህ አስፋልት ወርደው አውቶቡስና መኪና እያስቆሙ ምግብ ለመኑ። ወደ አዲስ አበባ የተጓዙትን ፖሊስ መለሳቸው። ረሃቡ ለሚያልፍ ሁሉ የሚታየው በመንገዱ ዳር በወጣው ልክ ብቻ ነበር፤ ከመንገዱ ሁለት ቀን ርቆ የሞተውን ማን ቆጠረው? ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም የቢቢሲ ዘገባ ዓለምን ያስደነገጠው ከኮረም ነው፤ ኮረምም በዚሁ መስመር ላይ ናት። ካሜራም እህልም የሚደርሰው አስፋልቱ እስከሚያደርሰው ድረስ ነው።

ጦርነትም እንዲሁ። በ2014 ዓ.ም ጥቅምት የትግራይ ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን ይዘው ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ ጥቅምት 23 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የአዲስ አበባ ሰው በዚያ ሰሞን የከሚሴን፣ የአጣዬን፣ የሸዋ ሮቢትንና የደብረ ሲናን ርቀት በኪሎ ሜትር አጥንቶ ነበር፤ ላምበረት መናኸሪያ ውስጥ ቲኬት የሚቆርጥ ሰው ብቻ ያውቀው የነበረውን። ልክ በዓመቱ፣ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም፣ ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ። ከዚያ ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት መንገዱ አንዳንድ ቀን ክፍት፣ አንዳንድ ቀን ዝግ ሆኗል። ተጓዥ ከመነሣቱ በፊት የሚጠይቀው ስለ ዋጋ ሳይሆን «ዛሬ መንገዱ ሰላም ነው?» ብሎ ነው።

በካርታ ላይ መስመሩ በወልድያ፣ በአላማጣ፣ በማይጨውና በመቀሌ አልፎ ከአዲግራት ወዲያ ዛላምበሳ ድረስ ይዘልቃል። ጣሊያን አሥመራ እንዲደርስ ነበር የሠራው፤ በ1990 ዓ.ም ከኤርትራ ጋር የተቀሰቀሰው ጦርነት ዛላምበሳ ላይ ቆረጠው። መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም ድንበሩ ሲከፈት፣ 20 ዓመት ተለያይተው የነበሩ ቤተሰቦች አስፋልቱ ላይ ተቃቅፈው አለቀሱ፤ ነጋዴው ጤፍና ሲሚንቶ ጭኖ ወደ አሥመራ ተንደረደረ። በታኅሣሥ ፈቃድ ወረቀት ይጠየቅ ጀመር፤ ብዙ ሳይቆይም መሻገሪያው ተዘጋ።